መስኮቱን የከፈትኩ ለታ

ዘንድሮ የመጋቢት ሙቀት ሰው አልማረም። የምኖረው ከልጄ ጋር ነው፤ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከእኛ በላይ ቆርቆሮና ፀሐይ ብቻ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ ግድግዳው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ያቃጥላል። ልጄ ቬንትሌተር ገዝቶ ነበር። መብራት ሲኖር የሞቀውን አየር ከዚህ ወደዚያ ይገፋዋል፤ መብራት ሲጠፋ የልጅ ልጆቼ ኮፍያ ይሰቅሉበታል።

እኔ የራሴን ዘዴ አደረግኩ። ከእህል ተራ ጆንያ አምጥቼ፣ ተርትሬ፣ በውኃ ነክሬ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ማዶ ያለውን የኩሽናውን በርም ከፈትኩ። ከሰዓት ከሐዋሳ ሐይቅ የሚነሣው ነፋስ በእርጥቡ ጆንያ ሲያልፍ ቤቱ ጥላ ሥር የተቀመጡ ያህል ይሆናል። ይኼን ያየ የሕንፃው ኮሚቴ መጣብኝ። ጆንያው የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል አሉ። ሕንፃው ምን ገጽታ አለውና ነው አልኳቸው። ሊቀመንበሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ አባባ፣ እንግዲያው ነጭ ጨርቅ ያድርጉበት አለኝ። ጨርቅ ቶሎ ይደርቃል፣ ጆንያ ውኃ ይይዛል፣ አላወርድም አልኩ። አላወረድኩም።

በማግስቱ አንዷ ጎረቤቴ፣ አስተማሪ ናት፣ ደረጃ ላይ አግኝታኝ ዘዴውን ከየት እንደተማርኩት ጠየቀችኝ። ከዓሣ አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አይደለም። እኔ መጻፍ እምብዛም ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ይኼን ግን በገዛ እጄ ልጻፈው ብያለሁ። ሌላ ሰው ሲያወራው ሁልጊዜ የሚጎድል ነገር አለ።

እኔና እህቴ አበባ ያደግነው ይርጋለም ነው። በዕድሜ ትበልጠኝ ስለነበር እቴቴ ነበር የምላት። እናታችን ስትሞት እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ቆሎዋን ከአፏ አውጥታ ትሰጠኝ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ኋላ ጋሽ ምትኩ የሚባሉ የመንግሥት ሠራተኛ አገባችና ሐዋሳ ገባች። እኔም ጢሜ ማቀምቀም ሲጀምር ተከትያት መጣሁ።

ቤታቸው ፒያሳ ነበር፣ ከሱቆች በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ያን ጊዜ ፎቅ ቤት መኖር ክብር ነው። ሰው ከታች ቆሞ ሽቅብ እያንጋጠጠ ይጠራሃል፤ አንተ በረንዳ ላይ ወጥተህ ቁልቁል ታየዋለህ። ክረምት ላይ ደግ ቤት ነበር። ከጥር በኋላ ግን አይጣል ነው። ጣሪያው የሲሚንቶ ሶሌታ ነበር፤ ሲመሽ ውጪው ቀዝቅዞ እንኳ እሱ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ይለቅቀዋል። ጋሽ ምትኩ ከቢሮ መጥተው ከረባታቸውን ፈትተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር። ሰው ሲያልፍ ጋዜጣ የሚያነቡ ይመስላሉ።

እኔ ሥራዬ ሐይቁ ዳር ነበር፤ ዓሣ ከታንኳ አወርዳለሁ፣ መኪና ላይ እጭናለሁ። ዓሣው ማለዳ ይወጣል፣ የሻሸመኔው መኪና ግን እንደ ሾፌሩ መጠጥ ነው፤ አንዳንዴ እስከ ቀትር ይቆያል። በረዶ የሚባል ነገር የለም። እንዴት እናቆየው ነበር ቢባል፣ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ እንሠራለን፣ ደንገል እናነጥፍበታለን፣ ዓሣውን ደርድረን እርጥብ ጆንያ እናለብሰዋለን። ዋናው ግን ውኃው አይደለም፣ ነፋሱ ነው። ከላይም ከሥርም ነፋስ ማለፍ አለበት። አንዱ ጀማሪ ለጥንቃቄ ብሎ የጆንያውን ዳር ዳር በድንጋይ ደፍኖት አይቻለሁ፤ ቀትር ላይ ሲገለጥ ዓሣው ያለ እሳት በስሏል። ሽታው ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። እርጥብ ነገር ነፋስ ካላገኘ ያፍናል እንጂ አያበርድም። በዕድሜዬ አጥርቼ አውቃለሁ የምለው ነገር ቢኖር ይኼ ነው።

እቴቴ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው የካቲት ሊወጣ ሲል ነው፤ ወንድ። በደንቡ ሴት የመጀመሪያዋን እናቷ ቤት ሄዳ ነው የምትወልደው። እናት የለንም። ስለዚህ ሊያርሷት የባሏ እናት መጡ፤ እማማ ደብሪቱ፣ ከመንዝ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። የገንፎ ዱቄት፣ በቅል ቅቤ፣ ከዚያ ደግሞ ባና ይዘው መጥተዋል። ባና የማታውቁ፣ በመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም ጥቁር ብርድ ልብስ ነው። መንዝ ላይ ያለ እሱ አይታደርም ይላሉ። እሺ። እኔ ግን ያን ባና ተሸክሜ በየካቲት ፀሐይ ፒያሳን ሳቋርጥ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ቤት እንደገቡ መጀመሪያ ያደረጉት መስኮት መዝጋት ነው። የአራሷ ክፍል አንድ መስኮት ነበረው፣ ወደ ሐይቁ የሚያይ። ዘጉት፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፉት፣ በላዩ ላይ ባናውን ሰቀሉበት። ቀጥለው ከሰል ማንደጃ አስገቡ፤ ሕፃኑ እንዳይበርደው። ሕፃኑን ጠቅልለው፣ ጠቅልለው፣ አፍንጫው ብቻ ቀረ።

ሁለተኛው ቀን ላይ በሩ ላይ ቆሜ፣ እማማ፣ ትንሽ ነፋስ ቢገባላት አልኩ።

"ነፋስ?" አሉኝ። "አራስ ላይ? አንተ ልጅ፣ እህትህን ነው የምትጠላት ወይስ እኔን?"

የዓሣውን ነገር አስረዳኋቸው። ርብራቡን፣ ጆንያውን፣ ነፋሱ እንዴት እንደሚያልፍ። እስክጨርስ ሰሙኝ፤ መስማትስ ይሰሙ ነበር።

"እሰይ" አሉ። "እህትህ ዓሣ ናት። እኔ ሳላውቅ ለልጄ ዓሣ ድሬለት ኖሯል።"

እቴቴ ከአልጋዋ ሆና ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ገና ቀልድ ነበር።

ሙቀቱ ግን እየባሰ ሄደ። መጋቢት ሲገባ የአራሷ ክፍል በር ሲከፈት የሚወጣው አየር ፊት ይገርፋል። ሕፃኑ ገላው ሁሉ ቀይ ሽፍታ ወጣበት፤ ሌትም ቀንም ያለቅሳል፣ መሐል መሐል ያስለዋል። ማሳሉን ልብ በሉልኝ፤ ያን ጊዜም ያስለው ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እቴቴ ገንፎው አልወርድ አላት። ጋሽ ምትኩን ደረጃው ላይ አግኝቼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሯቸው እንጂ አልኳቸው። ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ። እናቴ ናት፣ ምን ልበላት አሉኝ።

እኔ ግን አልተውኩም። እንደገና ገብቼ ስጨቃጨቅ እማማ ደብሪቱ በዚህ ጊዜ አልቀለዱም። ማንደጃው አጠገብ ቁጭ ብለው ከሰሉን በእንጨት እየነካኩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

"እኔ ምድር ውስጥ ያስገባኋቸው ልጆች አሉ፣ ታውቃለህ? ሁሉንም የወሰደብኝ ብርድ ነው። በር ሳይዘጋ ባደረ ቤት። አንተ ስንት ቀበርክ?"

አንድም አልኩ። ምን እላለሁ። እውነታቸውን ነው የሚናገሩት፣ ፊታቸው ላይ ይታያል። ግን መንዝ ሌላ፣ ሐዋሳ ሌላ። ይኼን ማስረዳት የምችልበት ቃል አጣሁ፤ ዛሬም ቢሆን ያለኝ አይመስለኝም።

ያኔ ጋሽ ምትኩ ገላጋይ ሆኑ። የሰውየው ችግር ይኼ ነው፤ ሁሉንም ማስደሰት ይወዳሉ። እሱ የሚለው ጆንያ ይሰቀል፣ እማዬ የምትለው መስኮትም ይዘጋ፣ ብለው ፈረዱ። ጋሽ ምትኩ፣ አይሆንም፣ ያፍናታል ብላቸው፣ ጆንያህ ከተፈቀደልህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ ብለው ተቆጡኝ። እማማ ደብሪቱ እንኳ በዚህ ተስማሙ። ጆንያው ርሶ በተዘጋው መስኮትና በባናው መሐል ተሰቀለ። ከሰሉም እዚያው አለ። ሲመሽ ክፍሉ እንፋሎት የታፈነበት ወሻባ ሆነ። ግድግዳው አላበው። ከእህቴና ከልጇ በቀር ሁሉም የድርሻውን አገኘ።

በሦስተኛው ቀን ገብርኤል ዋለ። እማማ ደብሪቱ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፤ ጋሽ ምትኩ ቢሮ ናቸው። እኔ ከሐይቁ ቶሎ ተመልሼ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። ሕፃኑ ማልቀሱን ትቷል፤ ያ ነው ያስደነገጠኝ። በሩን ገፋ አድርጌ እቴቴ ስል እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። ሕፃኑን ጡቷ ላይ ብታደርገው አልይዝ ይላታል።

"ደምሴ" አለችኝ። "ክፈተው።"

እማማ ይቆጣሉ አልኳት። ፈርቼ አይደለም፤ ለእሷ ብዬ ነው። አብራቸው የምትውለው እሷ ናት።

"እኔ ነኝ ያልኩህ። እኔው እነግራቸዋለሁ። ክፈተው በናትህ።"

በእናታችን ስም ለምናኝ አታውቅም ነበር። ባናውን አወረድኩ። የተወተፈውን ጨርቅ ነቀልኩ። መስኮቱን ከፈትኩ፣ የደረጃውን በርም ከፈትኩ፣ ማንደጃውን ወደ ውጪ አወጣሁ። ከግቢው ቧንቧ በባልዲ ውኃ እያመላለስኩ ጆንያውን አራስኩት። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወጥቼ ሶሌታው ላይ ውኃ ደፋሁበት፤ ቅቤ የነካው ምጣድ ይመስል ጮኸ። ደግሜ ደጋግሜ ደፋሁበት፣ ዝም እስኪል።

የሐይቁ ነፋስ በሰዓቱ መጣ። ስወርድ ክፍሉ ሌላ ክፍል ሆኗል። ጆንያው ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ይመለሳል። ውስጡ የቀረው የገብስ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ሕፃኑ ጡት ይዟል፤ ሲጠባ ድምፁ ይሰማኛል። እቴቴ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። እኔ ጫማዬን ይዤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሠርቻለሁ፤ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጅ ድሬያለሁ። እንደዚያ ቀን ግን በሥራዬ የረካሁበት አላስታውስም።

እማማ ደብሪቱ ጠበላቸውን ይዘው ተመለሱ። ይጮሃሉ ብዬ ነበር። አልጮሁም። ጠበሉን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ መስኮቱን ዘጉ፣ ባናውን መልሰው ሰቀሉ። ሲያልፉ፣ ይቅር ይበልህ አሉኝ። እቴቴ ተኝታ ስለነበር ምንም አልተናገረችም። ስትነሣ ትናገራለች አልኩ።

ሕፃኑ ሳሉ ባሰበት። ቀናት አለፉ፣ ሆስፒታል ተወሰደ፣ መርፌ ተወጋ። ለክርስትናው ጠላው ተጠንስሷል፣ ዱቄቱ ተዘጋጅቷል፣ የክርስትና አባቱ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው። አርባ ቀኑ ሳይሞላ ሞተ።

ክርስትና ያልተነሣ ልጅ ፍትሐት የለውም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ግራር ሥር ቀበርነው። ቄስ የለ፣ ዕጣን የለ፤ ጋሽ ምትኩ፣ እኔና ሁለት ጎረቤት ብቻ። የቆፈርኩት እኔ ነኝ። መሬቱ ላይ ላዩን ያቃጥላል፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር።

ከቀብር መልስ ሰው ቤቱን ሞልቶታል። በሩ ዝግ ነው፣ መስኮቱም ዝግ ነው፣ ለቀስተኛው በነጠላው ጫፍ ፊቱን ያርገበግባል። እማማ ደብሪቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ማልቀሱን አቆሙና ማንንም ሳያዩ ጠየቁ።

"ያን ለታ መስኮቱን ማነው የከፈተው?"

የሚያውቁትን ነው የጠየቁት። ሰው እንዲሰማ ነው። እኔ እቴቴን አየኋት። እሷም አየችኝ፤ ዓይን ለዓይን ነው የተያየነው፣ አላየችኝም ልል አልችልም። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበችና አቀረቀረች።

ጋሽ ምትኩ፣ ደምሴ፣ አንተ ነህ አሉኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

እጁ የእኔ ነበራ። ሌላ ምን ልበል። እሷ አዛኝ ናት፣ ሰው ሲበተን ትናገራለች ብዬ አሰብኩ። ሰው ተበተነ። ሠልስቱ አለፈ። ጋሽ ምትኩ ደረጃው ላይ ጠርተውኝ፣ ክፉ ቃል ሳይናገሩ፣ እማዬ እስክትረጋጋ ለጊዜው ሌላ ቦታ ብትሆን አሉኝ። ልብሴን በፌስታል ይዤ ወረድኩ። ቀና ብዬ ሳይ በረንዳው ላይ ማንም አልነበረም። ለጊዜው የተባለው ጊዜ አላለቀም።

ዓሣ ጭኜ፣ ኋላ ዘበኛ ሆኜ፣ ትዳር ይዤ ኖርኩ። አንድ ጊዜ ለአንድ ሐኪም ነገሩን አጫውቼው ነበር። የገደለው ሙቀቱም ነፋሱም ላይሆን ይችላል፣ ሳያዩ ማወቅ አይቻልም አለኝ። አመሰገንኩት። እኔ የጠየቅኩት ግን የሕፃኑን ነገር አልነበረም፤ እሱ ሐኪም ነው፣ የጠየቅኩትን ሊያውቅ አይችልም።

እቴቴ ሌሎች ልጆች ወለደች፤ በደህና አደጉ። ኋላ ወደ አዲስ አበባ ተዛወሩ። እማማ ደብሪቱ ሲሞቱ ለቀብር መንዝ ድረስ ሄጃለሁ፤ ቂም አልያዝኩባቸውም፣ እሳቸው ያመኑትን ነው ያደረጉት። ከዚያ በኋላ መጠያየቅ ጀመርን። ለበዓል ቤታቸው ስገባ ልጆቹ "ጋሼ ደምሴ መጡ፣ መስኮት ዝጉ" ይባባላሉ። የቤቱ ቀልድ ሆነ። ከልጅ ወደ ልጅ ተላለፈ፤ ኋላ የልጆቹ ሚስቶችና ባሎች ሳይቀሩ ለመዱት። እቴቴም አብራ ትስቅ ነበር። ሳቋን እሰማለሁ፣ ወጤን እበላለሁ፣ ዛሬ ትናገር ይሆናል እላለሁ፣ እመለሳለሁ። በየፋሲካው ሸሚዝ ትልክልኝ ነበር። ሸሚዙን ለብሼዋለሁ።

አምና ኅዳር ላይ ሞተች። ከቀብሯ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ነፋስ መታኝ ብላ መስኮት አዘጋችን። ማንም አልተከራከራትም።

ባለፈው እሁድ የእቴቴ የመጨረሻ ልጅ ሰናይት ለሥራ ሐዋሳ መጥታ ልትጠይቀኝ መጣች። አራተኛ ፎቅ ወጥታ ስትገባ ላብ በላብ ሆናለች። ሐብሐብ ቆረጥንላት፤ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እየበላች ጆንያውን ቀና ብላ አየችና፣ ጋሼ፣ ዛሬም መስኮት ላይ ነዎት ብላ ሳቀች። አፏ የእናቷ አፍ ነው። ሙቀቱም ይሁን፣ እርጅናም ይሁን፣ እንጃ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ለዘመድ ያልተነፈስኩትን ተናገርኩ።

"መስኮቱን ክፈት ያለችኝ እናትሽ ናት" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። የሐብሐቡን ፍሬ እጇ ላይ እየተፋች።

ማን ነገረሽ አልኳት።

"እማዬ ናታ። አያቴ ከሞቱ በኋላ ለሁላችንም ነግራናለች። እኔ ነኝ ያስከፈትኩት፣ እሱ ምን አጠፋ ትል ነበር።"

"ታዲያ ለእኔ ምነው አንዳችሁ እንኳ ሳትነግሩኝ?"

ግራ ገባት። ከልቧ ነው ግራ የገባት፤ ክፉ ልጅ አይደለችም።

"እርስዎ ያውቁት የለ እንዴ፣ ጋሼ? ምን ብለን እንንገርዎ?"

ቀልዱስ አልኳት። ቀልድማ ቀልድ ነው አለችኝ፤ እንወድዎታለን እኮ።

ልጅቷ እውነቷን ነው፤ አውቅ ነበር። ወሬ አልነበረም የጎደለኝ። እህቴ አማቷ ፊት ለምን ዝም እንዳለች ይገባኛል። አራስ ናት፣ ልጇን ቀብራለች፣ ከዚያች ሴት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ልትኖር ነው፣ እናት የላትም። ይኼን ሁሉ ያኔም አስቤዋለሁ፤ እኔ ነኝ ያልኩትም ለዚያ ጭምር ነው። የማይገባኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ለልጆቿ መናገር አልከበዳትም፤ እነሱ ምንም አልተባሉማ። እኔ ፊቷ ተቀምጬ ወጥ ስበላ ግን፣ ሌላው ይቅር፣ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣ ደምሴ፣ እኔ ነበርኩ ማለት ምን ነበረበት? የተናገረችው እኔ በሌለሁበት ሁሉ ነው።

ሰናይት ስትወጣ፣ ጋሼ፣ ተቀየሙኝ እንዴ አለችኝ። አልተቀየምኩሽም አልኳት፤ እሷን አልተቀየምኩም። የሞተ ሰው አይቀየሙም ይላሉ። እኔ ተቀይሜያለሁ። የንስሐ አባቴ ይቅር በላት ካሉኝ እሺ ለማለት እሞክራለሁ፤ ግን አስቀድሜ፣ አባቴ፣ ማን ይቅርታ ጠየቀኝና ነው ብዬ እጠይቃቸዋለሁ።